ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ ጭፈራ

በትራንሲልቫኒያ፣ በዛሬዋ ሩማንያ ውስጥ፣ ካሎታሴግ የሚባል ሀንጋሪዎች የሚኖሩበት አካባቢ አለ። የዚያ አገር ጎረምሳ ሌጌንየሽ የተባለውን የወንዶች ጭፈራ ሲጨፍር ፊቱን የሚሰጠው ለሙዚቀኞቹ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ፊት ቆሞ ዜማው እስኪዞር ይጠብቃል። ጣቱን እያንጣጣ ይገባበታል፤ ወዲያው እግሩ ይወናጨፋል፣ መዳፉ የቦት ጫማውን ቆዳ ጧ ያደርገዋል። ዜማው ዙሩን ሲጨርስ እሱም በታወቀ የመዝጊያ እርምጃ ያሳርፋል። ይህችን አንዲት ዙር ፖንት ይሏታል። ትንፋሹን ሰብስቦ ሌላ ፖንት ይጀምራል፤ አዲሱ ከፊተኛው ጋር እንዲመሳሰል የሚያስገድደው ነገር የለም። የቱን እርምጃ ከየቱ ጋር እንደሚያጋጥም የሚወስነው እዚያው ቆሞ ነው፤ ቫዮሊን ተጫዋቹም እግሩን እያየ ይከተለዋል፣ ያበረታዋል፣ አንዳንዴም ይፈትነዋል።

ይህንኑ ጭፈራ ትልቅ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ አስቡት። ጎረምሳው ወደ ሙዚቀኞቹ ከዞረ ታዳሚው የሚያየው ጀርባውን ነው። ወደ ታዳሚው ከዞረ ከቫዮሊኑ ጋር ያለው መግባባት ይቋረጣል። ብቻውን ቢቆም መድረኩ ይሰፋበታል። ሃያ ሰው ቢጨመርለት ደግሞ ሃያዎቹ እኩል እንዲረግጡ እርምጃው አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ እርምጃው ከተወሰነ በኋላ እዚያው የመፍጠር ነፃነት ያበቃል። የሀንጋሪንና የስሎቫክን ባህላዊ ጭፈራ መድረክ ላይ የሚያቀርቡ ሰዎች ዘጠና ዓመት ያህል ሲታገሉት የኖሩት ይህን ችግር ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው መልስ የመጣው መድረኩን ትተው ጭፈራውን ለራሱ ሲሉ ለመማር ከወሰኑ ወጣቶች ነው። ወደ እነሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ዛሬ ስሎቫኪያ የምንላት ምድር እስከ 1918 ድረስ የሀንጋሪ መንግሥት አካል ነበረች (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እረኛ፣ ነጋዴ፣ ወታደርና ሙዚቀኛ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዜማና እርምጃ አብሯቸው ተጉዟል። በዝግታ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄደው የጥንዶች ጭፈራ ቻርዳሽ በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ አለ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የወታደር ምልመላ ጋር የተያያዘው የወንዶች ጭፈራ ቬርቡንክም እንዲሁ። ሴቶች ክብ ሠርተው እየዘፈኑ የሚዞሩትን ጭፈራ ሀንጋሪዎች ካሪካዞ ሲሉት የምሥራቅ ስሎቫኪያ ሴቶች ደግሞ ካሪችካ ይሉታል።

በ1904 በጋ ወጣቱ አቀናባሪ ቤላ ባርቶክ ጌርሊጼ በምትባል ገጠር ተቀምጦ ሲሠራ፣ ሊዲ ዶሻ የምትባል ከትራንሲልቫኒያ የመጣች የቤት ሠራተኛ ስታንጎራጉር ሰማ። የሰማው ዜማ በከተማው ምግብ ቤቶች የሀንጋሪ ሙዚቃ እየተባለ ከሚቀርበው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ጌርሊጼ ዛሬ ያለችው ስሎቫኪያ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባርቶክ ከጓደኛው ከዞልታን ኮዳይ ጋር ፎኖግራፍ ተሸክሞ በየመንደሩ ይዞር ጀመር። ገበሬው በመሣሪያው ቀንድ ውስጥ ሲዘፍን ድምፁ በሰም ሲሊንደር ላይ ይቀረጻል፤ አቀናባሪው ደግሞ ማታ ማታ እያዳመጠ ወደ ኖታ ይለውጠዋል። ባርቶክ የስሎቫክ ዜማዎችን ብቻ ከ3000 በላይ ሰብስቧል። የዚህ ስብስብ የመጀመሪያ ጥራዝ በብራቲስላቫ የታተመው በ1959 ሲሆን እሱ ካረፈ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።

ድምፁ በማኅደር ገባ፤ ጭፈራው ግን ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ አስታዋሽ አላገኘም። ፊልም ውድ ነበር፣ የእግርን እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰውም ጥቂት ነበር። መድረኩ የመጣው ከምርምሩ ቀድሞ ነው። በ1931 ቤላ ፓውሊኒ የተባለ ሰው የመንደር ሰዎችን በነሐሴው የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ሰሞን ወደ ቡዳፔስት እያመጣ ጭፈራቸውን ለከተማ ሕዝብና ለአገር ጎብኚዎች ማሳየት ጀመረ። እንቅስቃሴው እስከ 1944 ቆየ። የሚጨፍሩት ባለቤቶቹ ራሳቸው መሆናቸው መልካም ነበር፤ ብዙ መንደሮችም በዚህ ምክንያት ልብሳቸውንና ጭፈራቸውን ሳይጥሉ ቆይተዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ጨዋታ ግን በደቂቃዎች ተቆርጦ፣ የሚያብረቀርቀው ክፍል ብቻ ተመርጦ መቅረብ የጀመረውም ያኔ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱም አገሮች በሶቪየት ኅብረት ጥላ ሥር ሲወድቁ መድረኩ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። አርአያው በ1937 በሞስኮ የተመሠረተው የኢጎር ሞይሴዬቭ ቡድን ነበር፤ በባሌት ሥልጠና የታነጹ አካላት፣ ትልቅ ኦርኬስትራ፣ በአንድ ጊዜ የሚነሡና የሚወድቁ በርካታ እግሮች። በስሎቫኪያ ሉችኒጻ የተባለው ቡድን በ1948፣ ስሊዩክ የተባለው ደግሞ በ1949 ተመሠረቱ። የሀንጋሪ መንግሥት የሕዝብ ውዝዋዜ ቡድን ደግሞ በሚክሎሽ ራባይ መሪነት በ1951 መድረክ ላይ ወጣ፤ ራባይ በዚያው ዓመት የኤቸር መንደርን ሠርግ መነሻ አድርጎ ያቀናበረው ሥራም ለአሥርተ ዓመታት የቡድኑ መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል።

ይህን ዘመን ፕሮፓጋንዳ ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ሉችኒጻን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያቀናበረውን ሽቴፋን ኖሳልን እንውሰድ። ኦድዜሞክ የተባለው የስሎቫክ እረኞች ጭፈራ በመሠረቱ የአንድ ሰው ጭፈራ ነው። እረኛው ቫላሽካ የምትባለዋን ረጅም እጀታ ያላትን ትንሽ መጥረቢያ ይዞ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ይዘላል፣ መጥረቢያዋን በእግሩ ሥር ያሳልፋታል፣ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባታል። በ1713 የተሰቀለውና በተራራው ሕዝብ ትረካ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚኖረው ሽፍታ ዩራይ ያኖሺክም ሲሳል የሚታየው ቫላሽካውን ይዞ ነው። ኖሳል ይህን የአንድ ሰው ጭፈራ ለብዙ ወንዶች ሲያዘጋጀው ከመንደሩ የሚርቅ ነገር መፍጠሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን መጥረቢያዎቹ በአንድ ቅጽበት ወደ አየር ሲወጡ ታዳሚውን የሚይዘው መገረም ሐሰት አይደለም። የመድረክ ጥበብ የራሱ እውነት አለው። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፦ ተወዛዋዦቹ ከተለማመዱት ቅንብር ውጭ አንዲት ፖንት፣ አንዲት ዙር በራሳቸው መጨፈር አይችሉም ነበር። ሙዚቃው ቢረዝምባቸው የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

በግንቦት 6 ቀን 1972 በቡዳፔስት ሊስት ፈረንጽ አደባባይ ላይ ባለ አንድ የመጻሕፍት ክበብ ውስጥ አራት የውዝዋዜ ቡድኖች ልምምድና ትርኢት ትተው አብረው ሊጨፍሩ ተሰበሰቡ። ሙዚቃውን የያዙት ፈረንጽ ሸቦና ቤላ ሃልሞሽ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። ሐሳቡ የመጣው ከትራንሲልቫኒያዋ ሴክ መንደር ነው። እዚያ ጎረምሶች ቤት ይከራዩ፣ ለሙዚቀኞች ገንዘብ ያዋጡ፣ ከልጃገረዶች ጋር ይጨፍሩ ነበር፤ ቤቱን ታንጽሃዝ ይሉታል። ከተሜዎቹ ስሙንም ልማዱንም ወሰዱ። ታዳሚ የሚባል አልነበረም፤ የመጣ ሁሉ ይጨፍራል። መጀመሪያ ለቡድን አባላት ብቻ የነበረው ስብሰባ ብዙም ሳይቆይ ለማንኛውም ሰው ተከፈተ።

የውዝዋዜ አቀናባሪው ሻንዶር ቲማር በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ተማሪዎቹን ቅንብር ማስጠናቱን ትቶ ከአንድ መንደር እርምጃዎች ጥቂቶቹን ያስተምራቸዋል፤ ከዚያ ሙዚቃው እንዲጫወት አድርጎ በራሳቸው እንዲያገጣጥሟቸው ይለቃቸዋል። ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጥቂት ቃላት ይሰማል፣ ወዲያው የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሠራል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። በዚህ ዘዴ የሠለጠነ ሰው ጓደኛውን በዓይኑ እየጠየቀ ይጨፍራል፣ ዜማው ሲለወጥ ይለወጣል። ቲማር በ1981 የመንግሥቱን ቡድን እንዲመራ ሲሾም ዘዴው ወደ ትልቁ መድረክ አብሮት ገባ። ከመድረክ ሸሽቶ የወጣው እንቅስቃሴ መድረኩን መልሶ አደሰው ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2011 የታንጽሃዝን ዘዴ ቅርስን በመጠበቅ ረገድ አርአያ ከሚሆኑ ተግባራት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

የሙዚቃውም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። የሴክ ባንድ በዋናነት ሦስት ሰው ነው፤ ዜማውን የሚመራው ቫዮሊን ተጫዋች ፕሪማሽ ይባላል፣ ከጎኑ ኮንትራ አለ፣ ከኋላ ትልቁ ባስ። ኮንትራ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ቪዮላ ይመስላል። ክሮቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ክሮቹን የሚደግፈው እንጨትም እንደ ወትሮው ጎበጥ ያለ ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ደጋኑ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ሦስቱንም ክሮች እኩል ይነካል፤ የሚወጣውም ሙሉ ኮርድ ነው። ኮንትራ ተጫዋቹ ዜማ አይጫወትም፤ ሥራው ደጋኑን እየገፋና እየጎተተ ምቱን መስጠት ነው። የሴክ ዝግተኛ ጭፈራ ምቱ በእኩል የተከፈለ አይደለም፤ አንዱ ረዘም፣ ሌላው አጠር ይላል፤ ጨፋሪው ጉልበቱን የሚያጥፈው በዚህ መንገድ በሚያነክሰው ምት ላይ ነው። የድሮዎቹ መንግሥታዊ ቡድኖች ዜማውን ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ ከሁሉ በፊት የጠፋው ይህ ነበር። ዛሬም ብዙ መድረክ ላይ ድምፅ ተቆጣጣሪው ቫዮሊኑን ከፍ አድርጎ ኮንትራውን ያፍነዋል፤ ጨፋሪዎቹ ጆሯቸውን የጣሉት ግን ኮንትራው ላይ ነው።

የታንጽሃዝ ወጣቶች የሚጨፍሩትን ነገር በአብዛኛው ያገኙት ከጆርጅ ማርቲን የፊልም ማኅደርና ጽሑፎች ነው። በ1983 ገና በ51 ዓመቱ ያረፈው ይህ አጥኚ ጭፈራን እንደ ሰዋስው ይተነትን ነበር፤ መክፈቻው የቱ ነው፣ ዋናው እርምጃ የቱ ነው፣ መዝጊያውስ? ማጃርቪሽታ ከተባለችው የካሎታሴግ መንደር ኢሽትቫን ማትያሽ የሚባል፣ ሙንድሩጽ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቅ ገበሬ ነበር። ማርቲን ይህ ሰው የጨፈራቸውን ሌጌንየሾች በተለያዩ ዓመታት አስቀርጾ እያነጻጸረ አጠና፤ በአንድ ገበሬ ጭፈራ ላይ የተሠራው ይህ ጥናት በ2004 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ሙንድሩጽ የገዛ ጭፈራውን ፖንት በፖንት ማስረዳትም ይችል ነበር። የገበሬ ጭፈራ ያለ ማሰብ የሚፈስ ስሜት ነው የሚል ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ለእኛ አንባቢዎች አንድ ቅርብ ነገር እዚህ ላይ አለ። ማርቲን በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሙዚቃ አጥኚው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ውዝዋዜና ዜማ ሰብስቧል። በ1967 ስለ ኢትዮጵያ የውዝዋዜ ዓይነቶች በዓለም አቀፉ የሕዝብ ሙዚቃ ምክር ቤት መጽሔት ላይ ጽፏል። ቲቦር ቫዳሺ የተባለ ሌላ ሀንጋሪያዊም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ውዝዋዜ ተከታታይ ጽሑፎችን በአዲስ አበባ በሚታተመው ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ አውጥቷል። የሴክንና የካሎታሴግን እግር ያጠና ዓይን የእኛንም ትከሻ አይቷል ማለት ነው፤ የአገራችን የውዝዋዜ ባለሙያዎች እነዚህን ጽሑፎች ፈልገው ቢያነቡ እወዳለሁ።

ወደ ስሎቫኪያ እንመለስ። እዚያ የበዓል መድረክ ትልቅ ጉልበት አለው። በታትራ ተራሮች ግርጌ ባለችው ቪኾድና ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ በዴትቫ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ ዓመታዊ የባህል በዓል ይካሄዳል፤ የመንደር ሽማግሌዎችና የከተማ ቡድኖች ለሰማይ ክፍት በሆነ መድረክ ላይ ተራ በተራ ይቀርባሉ። ይህ ቅርበት ለቡድኖቹ ጥሩ መምህር ነው፤ የዴትቫን ጭፈራ የሚያቀርብ የከተማ ልጅ የዴትቫ ሰው ቆሞ እያየው ነው የሚጨፍረው።

መድረክ እምቢ የሚለው ነገርም አለ። ፉያራ ከ160 እስከ 200 ሳንቲሜትር የሚረዝም የእረኛ ዋሽንት ነው። የጣት ቀዳዳው ሦስት ብቻ ነው፤ የቀረውን ዜማ ተጫዋቹ የሚያወጣው ትንፋሹን በማጥበቅና በማላላት ነው። እረኛው ተራራ ላይ ለብቻው ሲሆን የሚጫወተው መሣሪያ ነው። ዩኔስኮ በ2005 ቅርስ ብሎ ካወጀው በኋላ ዝናው ገንኗል፤ ብዙ ዝግጅቶች ግን መጋረጃው ሲከፈት ለአንድ ደቂቃ ካስነፉት በኋላ ወደ ጭፈራው ይሮጣሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ፉያራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከአንድ ትንፋሽ ወደ ሌላው ያለው ዝምታም የዜማው ክፍል ነው። የቴርኾቫ መንደር ሙዚቃ፣ በ2013 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ የተሻለ ዕድል አለው፤ ቫዮሊኖችና ሁለት ክር ብቻ ያላት ትንሽ ባስ ስለሆነ ትንሽ አዳራሽ ይበቃዋል፣ ተጫዋቾቹም እየዘፈኑ ስለሚጫወቱ ከሰው ፊት መቅረብ ይወዳሉ።

ዛሬ ታዲያ ጥሩ አቀናባሪዎች ያንን የመጀመሪያ ችግር እንዴት ይፈቱታል? አንዱ መንገድ ባንዱን ከመድረኩ ጥግ አውጥቶ መሀል ማስቀመጥ ነው። ጨፋሪዎቹ በዙሪያው ሲሆኑ አንዱ ጀርባውን፣ ሌላው ጎኑን፣ ሦስተኛው ፊቱን ያሳያል፤ ታዳሚው ሁሉንም ባያይም በመሀላቸው ያለውን መግባባት ያያል። ሌላው መንገድ መግቢያውንና መውጫውን ብቻ ወስኖ የመሀሉን ጊዜ ለጨፋሪው መተው ነው፤ ዛሬ ማታ ያያችሁት ሌጌንየሽ ነገ ማታ አይደገምም። የወለሉም ነገር አለ። ለዘመናዊ ዳንስ የሚነጠፈው የላስቲክ ምንጣፍ የቦት ጫማውን ድምፅ ይውጠዋል፤ ለእነዚህ ጭፈራዎች ደግሞ የእግሩ ድምፅ የሙዚቃው ክፍል ነው፣ ስለዚህ እንጨት ይሻላል። ቀሚሱም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በብዙ እጥፋት የተሰፋው የመንደር ቀሚስ ክብደቱ ልጅቷ ስትዞር ይጎትታታል፣ ስትቆም ደግሞ እሱ ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል። በስስ ጨርቅ ሲተካ ዙረቱ ይፈጥናል፣ ያ ክብደት ግን ይጠፋል።

በብራቲስላቫ የሚገኘው የስሎቫኪያ ሀንጋሪዎች ቡድን ኢፍዩ ሲቬክ ከዚህም ራቅ ብሎ ሄዷል። ለብዙ ዓመታት በመራው በዱሻን ሄግሊ ዘመን ቡድኑ ከማኅደር ፊልም የተማረውን የመንደር ጭፈራ በዘመናዊ ቴአትር አቀራረብ ሲያቀርብ ቆይቷል። በዚህ መንገድ ሲቀርብ ጭፈራው ያለ ጌጥ በራሱ የሚቆም ጥበብ መሆኑ ይታያል።

ቴሌቪዥንም ገብቶበታል፤ በሀንጋሪ ከ2012፣ በስሎቫኪያ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የባህል ጭፈራና ዘፈን ውድድሮች ሲተላለፉ ቆይተዋል። የስሎቫኩ ዝግጅት ስሙን የወሰደው ካሬል ፕሊጽካ በ1933 ካወጣው የታወቀ ዘጋቢ ፊልም ነው። ውድድሩ ብዙ ልጆችን ወደ ጭፈራ ማምጣቱ ደስ ይላል፤ የተመደበው አጭር ሰዓት ግን ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ሰከንድ እንዲፈነዳ ያስገድደዋል፤ በዝግታ የሚጀምረውን ቻርዳሽ ይህ በጣም ይጎዳዋል።

ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ሌላው ነገር የሮማ ሙዚቀኞች ድርሻ ነው። በሀንጋሪም በስሎቫኪያም በትራንሲልቫኒያም ለመንደሩ ሰው ሲጫወቱ የኖሩት ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ሮማዎች ናቸው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ የእያንዳንዱን ጎረምሳ ተወዳጅ ዜማ ያውቃሉ። በ1997 በቡዳፔስት ፎኖ የሙዚቃ ቤት በተጀመረው "የመጨረሻዋ ሰዓት" በተባለው የቀረጻ ሥራ የትራንሲልቫኒያ መንደር ባንዶች እየተጠሩ የሚያውቁትን ሁሉ እንዲጫወቱ ተደርጓል፤ ዛሬ መድረክ ላይ የምንሰማው ብዙ ዜማ ከእነሱ ደጋን የተቀዳ ነው። በትርኢቱ ወረቀት ላይ የአቀናባሪው ስም በትልቁ ሲጻፍ የዜማው ምንጭ የሆነው ሙዚቀኛና መንደሩም አብረው ሊጻፉ ይገባል። ጥሩ ቡድኖች ይህን ያደርጋሉ።

እንዲህ ያለ ዝግጅት በከተማችሁ ሲቀርብ፣ ወይም በኢንተርኔት ስታዩ፣ መጀመሪያ ሙዚቀኞቹን ፈልጉ። ካልታዩ፣ ወይም ሙዚቃው ከተቀዳ ካሴት የሚመጣ ከሆነ፣ ለጨፋሪው የሚመልስለት የለም ማለት ነው። ካሉ ደግሞ የፕሪማሹን ዓይን ተከተሉ፤ ወደ ጨፋሪው እግር ያያል ወይስ ወደ ኖታው? ከዚያ ጥንዶቹን ተመልከቱ። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከዞሩ ቅንብር ነው፤ አንዱ ጥንድ ሲዞር ሌላው ቆሞ ትንፋሽ ከወሰደ እየጨፈሩ ነው። ቦታ የመምረጥ ዕድል ካላችሁም መሀል ከፊት ያለውን ውድ ወንበር ትታችሁ ባንዱ ወዳለበት ወገን፣ ወደ ጎን ተቀመጡ። ከዚያ ኮንትራው ይሰማል፣ ጎረምሳው ወደ ቫዮሊኑ ሲዞርም ፊቱ ይታያችኋል። ትርኢቱ ካለቀ በኋላም ለመውጣት አትቸኩሉ፤ ብዙዎቹ ቡድኖች ባንዳቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ይወርዱና የመጀመሪያዎቹን የቻርዳሽ እርምጃዎች ለመጣው ሰው ሁሉ ያስተምራሉ።